የባትሪ አጋዥ ሶሌኖይድ ተቃጠለብኝ፣ የትኛውን ልተካ?

ዘንገና ላይ የቀረሁት፦

እንዴት ናችሁ ጎበዝ። ጥያቄዬ ስለ ቤት መኪና ነው። የቤት መኪና ስል ኮድ 2 ማለቴ አይደለም። እውነተኛ ቤት የሆነ መኪና ነው፤ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ፍሪጅ አለው፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አለው። አጎቴ ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖሮ ሲመለስ፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከመከልከሉ በፊት፣ በመርከብ አስጭኖ አመጣው። ፎርድ ኢ-450 ነው፤ ቤንዚን፣ 10 ሲሊንደር፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ። ስለ ቤንዚን ፍጆታው አታንሱብኝ። ደብረ ማርቆስ ነው የምንኖረው። ሹፌሩም፣ አጣቢውም፣ ዘበኛውም እኔ ነኝ።

መኪናው ሁለት ባትሪ አለው። አንደኛው ኮፈኑ ሥር ነው፣ ሞተር የሚያስነሳው። ሁለተኛው የቤቱ ነው፣ መብራቱንና የውሃ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው፣ መግቢያው ደረጃ ሥር ተቀምጧል። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ማብሪያ አለች። የሞተሩ ባትሪ ሲደክም እሷን ተጭነህ ትይዛለህ፣ የቤቱ ባትሪ ያግዘዋል፣ ሞተር ይነሳል። ሁለቱን ባትሪ የሚያገናኘው ዕቃ ሶሌኖይድ ነው፤ ቡጢ የምታክል ቆርቆሮ ናት፣ ሁለት ትልልቅና ሁለት ትንንሽ ብሎን ያላት።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ጥር 22 ማታ እንጅባራ ገባን። በማግስቱ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ሆቴሉ ሁሉ ሞልቷል። እኛ ግን ቤታችንን ከኋላችን ይዘን ነው የምንዞረው ብለን እየተኩራራን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ አቆምን። አጎቴ የጋቢናውን ሬዲዮ ከፍቶ እንቅልፍ ወሰደው። የእንጅባራን የጥር ብርድ ለሚያውቅ ሰው አልነግረውም። ጠዋት ቁልፉን ባዞር ትክ ትክ ትክ ብቻ። ማብሪያዋን ተጫንኩ። ከኮፈኑ ሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ዝም። የሠፈሩ ጎረምሶች መጡ፣ ገፉት። ስድስት ቶን የሚጠጋ ቤት ሃያ ሆነው ገፉ። አውቶማቲክ ተገፍቶ እንደማይነሳ ትዝ ያለኝ ልጆቹ ላብ በላብ ከሆኑ በኋላ ነው፣ ለእነሱም አልነገርኳቸውም፣ እዚህ ነው የምናዘዘው። በመጨረሻ አንድ ዶልፊን በኬብል አስነሣን።

ከዚያ መንገድ ላይ አንድ ጋራዥ ገባን። ባለሙያው አሮጌውን ሶሌኖይድ ፈታና ቁርጥ እሱን የሚመስል አዲስ አውጥቶ አሰረልኝ። ርካሽ ነው። ሞከርነው፣ ሠራ። ደስ ብሎን ወደ ባሕር ዳር ጉዞ። መራዊ ስንደርስ የሆነ ነገር ሸተተኝ። መጀመሪያ ከመንደር የሚመጣ ሽታ ነው ብዬ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ሶሌኖይዱን ብነካው ጣቴን ላጠኝ። ከዚያ ወዲያ ቀጭ ማለትም አቆመ።

አሁን ሦስት ዕቃ ቀርቦልኛል። አንዱ ያው የተቃጠለው ዓይነት ነው፣ ሻጩ “ያኛው ፌክ ደርሶህ ነው፣ ይሄ ኦርጅናል ነው” ይላል። ሁለተኛው ወፈር ያለ ነው፣ ዋጋው የርካሹን አራት እጥፍ ይሆናል። ሦስተኛው ከአይሱዙ የተፈታ ያገለገለ ነው። የቱን ልውሰድ? አጎቴ ለፋሲካ ጣና ዳር ካላደርን ብሏል።

አይሱዙ በቃኝ፦

ወንድሜ አታካብድ። ሶሌኖይድ ሶሌኖይድ ነው። ፌክ ነው የደረሰህ፣ ሌላ ግዛ፣ አለቀ። እሱም ካስቸገረህ ጨርሰህ አውጣውና ሁለቱን ባትሪ በወፍራም ገመድ አንድ ላይ እሰራቸው። እኔ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የነዳሁት።

ካቻቢቴ፦

አይሱዙ በቃኝ፣ ምነው ጃል። ሁለቱን በገመድ ካሰርክማ ለምን ሁለት ባትሪ ተሸከምክ? ማታ ፍሪጁና መብራቱ አንዱን ሲጨርስ ሌላውንም አብሮ ይጨርሳል። ጠዋት የሚያግዝህ ባትሪ የለም። ያ ዕቃ የተሠራው እኮ ሲፈለግ እንዲያገናኝ፣ ሳይፈለግ እንዲለይ ነው።

ዘንገና፣ ወደ አንተ ልምጣ። ባሕር ዳር ነኝ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ሃያ ምናምን ዓመት ሆነኝ። የአሜሪካ ቤት መኪና ብዙ አልገጠመኝም። ሁለት ባትሪ ያለው የአስጎብኚ ላንድክሩዘር ግን ከቁጥር በላይ ነው፣ ነገሩም አንድ ነው።

የደረሰህ ዕቃ ፌክ አይመስለኝም። ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው። ከውጭ ሲያዩዋቸው መንታ የሆኑ ሁለት ዓይነት ሶሌኖይዶች አሉ። አንዱ የሞተሪኖ ነው። ሥራው አምስት ሰከንድ፣ ቢበዛ አሥር ሰከንድ ነው፤ ይስባል፣ ሞተር ይነሳል፣ ይለቃል። ውስጡ ያለው ኮይል በኃይል እንዲስብ ተብሎ ወፈር ባለ ሽቦ ስለሚጠቀለል ኮረንቲ በብዛት ይወስዳል። ሌላው ቀኑን ሙሉ ተስቦ እንዲውል የተሠራ ነው። የእሱ ኮይል በቀጭን ሽቦ ብዙ ጊዜ የተጠቀለለ ስለሆነ የሚወስደው ትንሽ ነው።

ልዩነቱን በቴስተር ታገኘዋለህ። ኦም ላይ አድርገህ የኮይሉን ሁለት ጫፍ ለካ። የሞተሪኖው ዓይነት ከ3 እስከ 5 ኦም አካባቢ ያሳይሃል። ሁልጊዜ የሚሠራው ደግሞ ከ12 እስከ 16 አካባቢ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን እስቲ አስላው። ሞተር ሲሠራ ቮልቱ 14 ነው። 14ን በ14 አባዛና ለ4 ኦም አካፍል፤ 49 ዋት ይመጣል። ሬዲዮ ጠጋኞች ቆርቆሮ የሚያቀልጡበት ብረት እኮ 40 ዋት ነው! አንተ ከእንጅባራ መራዊ ድረስ ከዚያ የሚበልጥ እሳት ቡጢ በምታክል ቆርቆሮ ውስጥ ዘግተህ ነው የነዳኸው። 15 ኦም ቢሆን ኖሮ 13 ዋት ነበር። እሱም ይሞቃል፣ እጅህን ረዘም አድርገህ ላታስቀምጥበት ትችላለህ፣ ግን አይቃጠልም።

“እኔ ማብሪያዋን የምጫናት ለአምስት ሰከንድ ነው፣ ለምን ይቃጠላል?” ትለኝ ይሆናል። ዋናው ጥያቄ እሱ ነው፣ መልሱም እንደ መኪናው ይለያያል። በአንዳንዱ ቤት መኪና ላይ ያቺ ሶሌኖይድ ሥራዋ ማገዝ ብቻ ነው። የቤቱን ባትሪ የሚሞላለት ሌላ መለያ ዕቃ አለ። እንዲህ ከሆነ የሞተሪኖው ዓይነት ምንም አይለውም፣ ርካሹን ግዛና ተገላገል። በሌላው መኪና ግን አንዷ ሶሌኖይድ ሁለት ሥራ ትሠራለች። ሞተር እስከሠራ ድረስ ተስባ ትቆይና ዲናሞው የቤቱን ባትሪ እንዲሞላ ታደርጋለች፣ ጠዋት ደግሞ በማብሪያዋ ታግዛለች። ያንተ ይኸኛው ይመስለኛል። በግምት ግን ዕቃ አይገዛም።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድህ በፊት ይህን አድርግ። ትንንሾቹን ሽቦዎች ከተቃጠለው ሶሌኖይድ ፍታና እርስ በርስም ከቦዲም እንዳይነካኩ ለያያቸው። ሞተሩን አስነሣ። ማብሪያዋን ማንም አይንካት። የቴስተሩን ጥቁር ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርግና በቀዩ ሽቦዎቹን ለካ። አንዱ ላይ 13 ወይም 14 ቮልት ካገኘህ ኮይሉ ቀኑን ሙሉ ኮረንቲ ይበላ ነበር ማለት ነው፣ ሁልጊዜ የሚሠራውን ዓይነት፣ ወፍራሙን ግዛ። ምንም ከሌለና ማብሪያዋ ስትጫን ብቻ ከመጣ የአምስት ሰከንዱ ይበቃሃል፣ የተቃጠለውም በሌላ ምክንያት ነው።

መልሱን ይዘህ ና። ሳትለካ ከገዛህ ግን እኔን አትጠይቀኝ። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚባለው ለመንገድ ዳር ጥገና ነው።

ማርቆሴዋ፦

አያ ካቻቢቴ የሚሉት ልክ ነው። እኔም ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ገጠር የምንመላለስበት የመሥሪያ ቤት መኪና ላይ ሁለተኛ ባትሪ አለ። ያየሁትን ሦስት ነገር ልጨምር፣ ሁለቱ ዋጋ አስከፍለውኛል።

ስለ ትንንሾቹ ብሎኖች ነው አንዱ። አራት ብሎን ያለው ሁሉ አንድ አይደለም። ሁልጊዜ የሚሠራው ዓይነት ሁለቱ ትንንሽ ብሎኖች የኮይሉ ሁለት ጫፎች ናቸው፤ በአንዱ ፖዘቲቭ ይገባል፣ ሌላው ወደ ማሳ ይሄዳል። በድሮው የፎርድ ሞተሪኖ ሶሌኖይድ ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። ኮይሉ ማሳውን የሚያገኘው ከራሱ ቆርቆሮ ነው። አራተኛዋ ትንሽ ብሎን ደግሞ ሶሌኖይዱ ሲስብ ፖዘቲቭ የምታወጣ ናት። እንግዲህ የእኛ ሰው አሮጌውን እያየ “ይሄ ሽቦ የማሳው ነው” ብሎ እዚያች አራተኛ ላይ አሰረው። ቁልፉ እንደዞረ ቀጭኑ ሽቦ እንደ ሻማ ነደደ። ስለዚህ አራት ብሎን አየሁ ብለህ አትግዛ። ከትንንሾቹ እያንዳንዳቸውን ከቆርቆሮው ጋር በኦም ለካቸው። ከሁለቱ አንዱ ከቆርቆሮው ጋር ከተገናኘ ያኛው የሞተሪኖ ዓይነት ነው። ከቆርቆሮው ጋር ማንም ካልተገናኘና እርስ በርሳቸው 15 ምናምን ኦም ካሳዩ እሱ ነው የምትፈልገው።

ሁለተኛው የአይሱዙው ነገር ነው። እባክህ ተወው። ከትልቁ አይሱዙ፣ ከኤፍኤስአር የተፈታ ከሆነ 24 ቮልት ነው። የ24 ኮይል በ12 ቮልት ወይ ጨርሶ አይስብም ወይ ልፍስፍስ ብሎ ይስባል። ልፍስፍስ ያለው ይብሳል። ውስጡ ያሉት መገናኛ መዳቦች በደንብ ሳይጫኑ የሞተሪኖ ኮረንቲ ሲያልፍባቸው ፍንጣሪ ይሆናል፣ ከዚያ ወይ ይቃጠላሉ ወይ ተበይደው ይቀራሉ።

ሦስተኛውን ከልቤ ነው የምልህ። ያቺ ሶሌኖይድ ሁለቱም ትልልቅ ብሎኖቿ ኮረንቲ አለባቸው። አንዱ ከሞተሩ ባትሪ፣ ሌላው ከቤቱ ባትሪ። አንድ ኔጋቲቭ ፈትተህ “አጠፋሁት” ብለህ መፍቻ ቁልፍ እንዳታስገባ። ሁለቱንም ባትሪዎች ኔጋቲቭ ፍታ። የቤቱ ባትሪ ማጥፊያ ቢኖረውም እሱን አትመን። እኔ አንዱን ብቻ ፈትቼ 13 ቁልፍ ቦዲ ሲነካ ብልጭ ያለው ብርሃን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ፤ ቁልፉ ጫፉ ተበልቷል፣ ለማስታወሻ አስቀምጬዋለሁ።

ለልጆቹ ግን አውቶማቲክ መሆኑን መንገር ነበረብህ። 😂

አይሱዙ በቃኝ፦

ይሄ ሁሉ ለአንድ ቆርቆሮ? እሺ ይሁን፣ ስለ 24ቱ ልክ ናችሁ፣ እሱን አላሰብኩትም። ግን የመጀመሪያው ለምን ተበላሸ? እሱ እኮ የፋብሪካው ነበር።

ካቻቢቴ፦

ጥሩ ጠየቅህ። ዘንገና “ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ዝም” አለ አይደል። ቀጭ ካለ ኮይሉ ደህና ነው። የሞተው መገናኛው ነው። ውስጥ አንዲት የመዳብ ሳህን አለች፤ ኮይሉ ሲስባት ሁለቱን ትልልቅ ብሎኖች ታገናኛለች። ከዓመታት ብልጭታ በኋላ ፊቷ ይጠቁራል፣ ይቦረቦራል። ትገናኛለች፣ ግን አታሳልፍም። ምርመራው ቀላል ነው። አንድ ሰው ማብሪያዋን ተጭኖ ይያዝ፣ አንተ ቴስተሩን ከአንዱ ትልቅ ብሎን ወደ ሌላው ዘርጋ። ደህና ሶሌኖይድ ዜሮ አጠገብ ያሳያል፤ ሞተሪኖው እየዞረ ሳይቀር 0.2 ወይም 0.3 ቮልት ነው። ሁለትና ሦስት ቮልት ካየህ ሞቷል።

የሚያበላሸው ደግሞ አጠቃቀሙም ነው። ሰው ቁልፉን አዙሮ ሞተሪኖው እያቃሰተ ሳለ ማብሪያዋን ይጫናል፣ ወይ ሞተሪኖው ገና እየዞረ ይለቃታል። ሁለቱም መዳቡን ይበላሉ። መጀመሪያ ማብሪያዋን ተጭነህ ያዝ። ሁልጊዜ የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቁጠር፣ የቤቱ ባትሪ ለደከመው ትንሽ ያካፍለዋል። ይዘህ ሳለህ ቁልፉን አዙር። ሞተር ተነሥቶ ቁልፉን ከለቀቅህ በኋላ ማብሪያዋን ልቀቅ። ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው፣ በተለይ በዚያ ብርድ።

ዘንገና ላይ የቀረሁት፦

አያ ካቻቢቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማርቆሴዋም እንዲሁ። ለካሁ።

ሽቦዎቹን ለያይቼ፣ ሞተር አስነሥቼ፣ ማብሪያዋን ሳልነካ፣ አንዱ ትንሽ ሽቦ ላይ 13.9 ቮልት። ሞተር ሳጠፋ ዜሮ። ስለዚህ እንዳሉት ሁለት ሥራ የምትሠራ ናት። የፋብሪካውን አሮጌ ኮይል ለካሁት፣ 15 ኦም ገደማ። ከትንንሾቹ አንዱም ከቆርቆሮው ጋር አይገናኝም። የተቃጠለው ምንም አያሳይም፣ ሽቦው ተበጥሷል። ሱቅ ሄጄ የእሱን ወንድም፣ “ኦርጅናሉን” ለካሁት፤ 4.1። አንደኛዋ ትንሽ ብሎን ከቆርቆሮው ጋር ተገናኝታለች፣ ልክ ማርቆሴዋ እንዳለችው። ሻጩ “ምን እየመረመርክ ነው፣ በሽተኛ አይደለም” አለኝ።

ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሞተር ሲነሣ ኮረንቲ የሚመጣው ከቁልፉ ከሆነ፣ ማብሪያዋ ስትጫን ከየት ነው የሚመጣው? የሞተሩ ባትሪ ሞቶ እያለ ኮይሉን ማን ያስበዋል?

ወፍራሙ ሶሌኖይድ ላይ ደግሞ 100 አምፔር ይላል። ሞተሪኖው ከዚያ በላይ አይወስድም?

ከሚኒሶታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፣ አሁን የምኖረው ከሀገር ውጭ ነው። እንደ አጎትህ ዓይነት ቤት መኪና አለኝ፣ ከመነዳቱ ጊዜ የሚጠገንበት ይበልጣል። ይህቺን ጥያቄ ልመልሳት።

ማብሪያዋን ከኋላ ብታያት ሦስት እግር ሊኖራት ይችላል። መሃለኛው እግር ወደ ኮይሉ ይሄዳል። ሳትነካት መሃለኛው ከቁልፉ ከሚመጣው ሽቦ ጋር ነው፣ ስትጫናት ደግሞ ያንን ለቃ ከቤቱ ባትሪ ከሚመጣው ጋር ትገናኛለች። የሞተሩ ባትሪ ድርቅ ቢልም ኮይሉ የሚስበው በቤቱ ባትሪ ጉልበት ነው። ይህን ያነሣሁት ለሌላ ነገር ነው። አንዳንድ ጠጋኝ ማብሪያዋ ስትበላሽ ባለ ሁለት እግር ያስገባና ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ይቋጥራል። ከዚያ ስትጫናት የቤቱ ባትሪ ወደ ኋላ ዞሮ በቁልፉ መስመር በኩል መኪናውን ሁሉ ለመመገብ ይሞክራል፤ ቀጭን ሽቦ ስለሆነ ፊውዝ ይበጥሳል። ማብሪያ ለመለወጥ ከተነሣህ እግሯን ቁጠር።

ስለ አምፔሩ። ሁልጊዜ የሚሠራ ሶሌኖይድ ላይ የተጻፈው 100 ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ነው። ለጥቂት ሰከንድ ከዚያ በላይ ያሳልፋል። አያ ካቻቢቴ እንዳሉት መጀመሪያ ተጭነህ፣ ትንሽ ካካፈለ በኋላ ካስነሣህ ደግሞ የሞተሩ ባትሪም የድርሻውን ስለሚሰጥ ሸክሙ ሁሉ በሶሌኖይዱ አያልፍም። እኔ ብሆን ግን 200 የሚለውን ባገኝ እሱን እወስዳለሁ። ያንተ 10 ሲሊንደር ነው፣ መገናኛው ሰፊ ቢሆን ዕድሜ ይሰጥሃል። 200 ካልተገኘ 100ውን ያዝ፣ ሌት ተቀን አትጨነቅ። የ100 እና የ200ን ልዩነት ሰው በጣም ያጋንነዋል። የሞተሪኖና የሁልጊዜ የሚለው ልዩነት ነው መኪና የሚያቆመው።

አንድ ሌላ። የቤቱ ባትሪ ምን ዓይነት ነው? አጎትህ አሜሪካ እያለ ሊቲየም አስገብቶበት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ሊቲየም ባዶ ሲሆን ዲናሞው ያለውን ሁሉ ይስባል። እንደ ዱሮው በሶሌኖይድ ብቻ ከተገናኘ ዲናሞው ረጅም ዳገት ላይ በግሎ ይሞታል። ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጣ አስበው፤ ሞተሩ ራሱ በእሳት ላይ ነው፣ ዲናሞው ደግሞ በሙሉ ጉልበቱ። ለሊቲየም በመሃል የሚገባ ኮረንቲውን የሚገድብ ቻርጀር አለ። ተራ አሲድ ባትሪ ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለለው።

ቮልት አይቶ በራሱ የሚገናኝ ሪሌም አለ። 13.3 አካባቢ ሲደርስ ይገናኛል፣ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያል። ሸጋ ዕቃ ነው። ነገር ግን ሁሉም የማገዣ ማብሪያ መቀበያ የለውም፣ ያለውን መርጠህ ካልገዛህ ጠዋት የምትጫናት ማብሪያ ጌጥ ሆና ትቀራለች። መኪናው በፋብሪካ እንደተሠራው መመለስ ነው የሚቀልህ።

ማርቆሴዋ፦

ስታስረው ደግሞ ቦታውን እይ። አሮጌው በነበረበት አቅጣጫ እሰረው፣ አግድም ወይም ገልብጠህ አታድርገው። ከታች የሚመጣ ውሃና የገጠር መንገድ አቧራ እንዳያገኘው። ትልልቆቹን ገመዶች ጫፋቸውን በሽቦ ብሩሽ ፈትገህ አስገባ፣ ዳዶውን አጥብቅ ግን አትሞት፤ ብሎኑ መዳብ ነው፣ ውስጥ ያለው ቢዞር ዕቃው አለቀለት። ሌላ ደግሞ፣ ከሁለቱ ባትሪዎች በሚወጣው ወፍራም ገመድ ላይ ፊውዝ መኖሩን ተመልከት። በአሜሪካው ላይ ይኖር ይሆናል፣ ጋራዥ የገባ መኪና ላይ ግን ማን ምን እንዳወጣ አይታወቅም።

አይሱዙ በቃኝ፦

አያ ካቻቢቴ እውነት ይነጋገሩ፣ እዚያው ዘንገና ላይ ምን ማድረግ ነበረበት? በዚያ ብርድ ቴስተር ይዞ ይለካ?

ካቻቢቴ፦

የራሱን ባትሪ ለራሱ መስጠት ነበረበት። የቤቱ ባትሪ እዚያው መኪናው ላይ አይደል? ወይ ረጅም ኬብል ከቤቱ ባትሪ ወደ ሞተሩ ባትሪ፣ ወይ የቤቱን ፈትቶ ተሸክሞ ከሞተሩ ባትሪ አጠገብ አስቀምጦ በአጭር ኬብል። ዶልፊን መለመን፣ ልጅ ማስገፋት አያስፈልግም ነበር። ዘንገና፣ አትቀየመኝ፣ ብርድ ላይ ማንም አያስብም። ኬብል ግን ግዛ፣ አልጋው ሥር አስቀምጥ።

የሞተሩን ባትሪ ደግሞ አስመርምረው። ሙሉ ባትሪ ቆሞ አድሮ 12.6 ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። አንድ ሌሊት ሬዲዮ ከፍቶ ማደር አዲስ ባትሪን እንዲህ አይገድለውም።

ዘንገና ላይ የቀረሁት፦

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነ።

200 አምፔሩ ጎጃም ውስጥ አልተገኘም። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሶማሌ ተራ ፈልጎ አገኘልኝ። ሳይገዛ በቴስተር ለክቶ በስልክ እንዲነግረኝ አደረግኩ። 14 ኦም፣ ከቆርቆሮው ጋር የሚገናኝ የለም፣ 12 ቮልት። በደብረ ማርቆስ ፀሐይ ራሴ አሰርኩት፣ ሁለቱንም ኔጋቲቭ ፈትቼ። ማርቆሴዋ፣ ሁለት ጊዜ ነው ያረጋገጥኩት። ማብሪያዋ እንዳሉት ባለ ሦስት እግር ናት፣ አልነካኋትም። ከቤቱ ባትሪ በኩል ፊውዝ አልነበረም፣ አስገባሁ። ባትሪው ተራ አሲድ ነው፣ ከሚኒሶታ አንቀጹን ዘለልኩት።

ማብሪያዋን ተጭኜ ሞተሪኖው ሲዞር ከብሎን ብሎን 0.15 ቮልት። ከዚያ ባሕር ዳር ደርሼ መጣሁ። መራዊ ላይ ሆነ ብዬ ቆምኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ይሞቃል፣ ጣቴን ግን አልላጠም፣ ሽታም የለም። የቤቱ ባትሪ ደርሰን 12.7 ነበር።

የሞተሩ ባትሪም እንዳሉት አርጅቷል፣ ቆሞ ሲያድር 12.1 ነው። የሚቀጥለው ወጪ እሱ ነው። አጎቴ ሶሌኖይዱ ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባውም። እሱን የሚያስጨንቀው የእንጅባራ ልጆች ጉዳይ ነው። አውቶማቲክ መሆኑን ስነግረው ግንባሩን ያዘ፣ ለከርሞ ጥር 23 ለገፉት ሁሉ በግ ይዘን እንሄዳለን ብሎ ምሏል። በጉ የት እንደሚጫን ጠየቅኩት። “አልጋ አለ አይደል?” አለኝ።